ሁለት ሥዕል በአንድ መስታወት፦ የድሬዳዋን የሱቅ መስኮቶች በምሽት ስለ ማንሣት

(ድሬዳዋ ውስጥ ለፎቶግራፍ ወዳጆች በቃል የቀረበ፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣

በድሬዳዋ ሱቅ በቀን ሁለት ጊዜ ይከፈታል። ጠዋት የተከፈተው በር ቀትር ላይ በሙቀቱ ምክንያት ይዘጋል፤ ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ደግሞ የብረቱ በር እንደገና ይጠቀለላል፣ ደጃፉ ውሃ ይረጫል፣ ገበያውም ዋናውን መልኩን የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ በምትገኝ ከተማ ውስጥ ለመንሸራሸርም ሆነ ለመግዛት የሚመቸው ሰዓት ምሽት መሆኑ አያስገርምም። ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ፣ ማለትም የሱቅ ማሳያ መስኮቶችን በምሽት ፎቶግራፍ ማንሣት፣ በሌላ ከተማ ምናልባት ሱቁ ተዘግቶ መንገዱ ጭር ካለ በኋላ ለብቻ የሚሠራ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን የሚሠራው በሰው መካከል፣ ሻጩም ገዢውም ቆሞ እያየ ነው።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የሱቅ መስታወት ምንጊዜም ሁለት ሥዕል ይሸከማል፦ ከበስተኋላው የተደረደረውን ዕቃና ከፊት ለፊቱ የሚያልፈውን ከተማ። ብዙ መመሪያዎች ሁለተኛውን፣ ነጸብራቁን፣ እንደ ጉድለት ቆጥረው እንዴት እንደሚጠፋ ያስተምራሉ። እኔ ግን ነጸብራቁ መጠኑ ሊወሰን እንጂ ሊሰረዝ አይገባውም ባይ ነኝ፤ መጠኑን የሚወስኑት ደግሞ ከሁሉ በላይ ሰዓቱና የምንቆምበት ቦታ ናቸው፤ ውድ መሣሪያ የሚጫወተው ሚና እንደሚወራለት አይደለም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይረዳል። ተራ መስታወት ፊት ለፊት ሲታይ ካረፈበት ብርሃን ውስጥ በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህሉን፣ በሁለቱ ገጾቹ ተደምሮ 8 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ያንጸባርቃል። ይህ መጠን ቀንም ማታም አይለወጥም፤ የሚለወጠው በመስታወቱ ግራና ቀኝ ያለው የብርሃን ብዛት ነው። እንበልና በቀትር ፀሐይ ከመንገዱ ማዶ ባለው ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 100,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ በሱቁ ውስጥ ባለው ጨርቅ ላይ የሚያርፈው ደግሞ 500 ሉክስ ነው፤ ግድግዳውና ጨርቁም በቀለም ተመሳሳይ ናቸው። የ100,000 ስምንት መቶኛ 8,000 ነውና ነጸብራቁ ከዕቃው በ16 እጥፍ ደምቆ ይታያል። በቀን ሱቅ ፊት የቆመ ሰው ልብሱን ለማየት ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ዓይኑን በመዳፉ የሚከልለው በዚህ ምክንያት ነው። ማታ መንገዱ 10 ሉክስ ብቻ ሲቀረው ግን ነጸብራቁ ከ1 ሉክስ በታች ይወርዳል፤ ዕቃው ያው 500 ላይ ነው። መስታወቱ የሌለ ያህል ይሆናል።

በእነዚህ ሁለት ዳርቻዎች መካከል ያለችው ሰዓት ለእኛ ሥራ ዋጋዋ ትልቅ ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 9.6 ዲግሪ ግድም ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው፤ በዚህም ምክንያት ድንግዝግዙ አጭር ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ እስክትወርድ ድረስ በእኛ ዘንድ የሚፈጀው 20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ በፓሪስ ግን ከ30 ደቂቃ ያልፋል። በእነዚህ 20 ደቂቃዎች ውስጥ የውጩ ብርሃን ከ400 ሉክስ ገደማ ተነሥቶ ወደ 3 ሉክስ ያሽቆለቁላል። የመጥለቂያው ሰዓትም በዓመቱ ውስጥ ይዋልላል፤ በኅዳር መጀመሪያ 12 ሰዓት ከሩብ ጉዳይ አካባቢ፣ በሐምሌ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው አንድ ማስታወሻ ልጨምር፦ ከተማችን በስተምሥራቅ ስለምትገኝ ፀሐይ እዚህ ከ10 ደቂቃ በላይ ቀድማ ትጠልቃለች፤ በአዲስ አበባ ልማድ የመጣ ፎቶ አንሺ ዘግይቶ ይደርሳል።

ዕቃውና ነጸብራቁ እኩል የሚሆኑት ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት፣ መንገዱ በጥላ ሲሸፈንና ሱቆቹ መብራታቸውን ቀደም ብለው ሲያበሩ ነው። በዚያች ሰዓት የከዚራ ሰፈር ዛፎችና በሱቁ ውስጥ የተሰቀለው ሽቲ (ስስ የሴቶች ልብስ) በአንድ ሥዕል ውስጥ እኩል ይነበባሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነጸብራቁ የሚቀረው በመስኮቱ ጨለማ ክፍሎች፣ ለምሳሌ በጥቁር ጨርቅ ላይና በመደርደሪያው ሥር ብቻ ነው። ጨለማው ጨርሶ ሲወርድ ደግሞ የግድግዳና የሰው ነጸብራቅ ጠፍቶ በመስታወቱ ላይ የሚቀሩት ራሳቸው ብርሃን አመንጪ የሆኑ ነገሮች ናቸው፦ የባጃጅ የፊት መብራት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ አምፖል። ሦስቱ ሰዓቶች ሦስት የተለያዩ ፎቶግራፎችን ይሰጣሉ። እኔ የምመርጠው መካከለኛውን ነው፤ ሦስተኛው ለዓይን ቢያምርም ሱቁ ድሬዳዋ ይሁን ሌላ ከተማ አይናገርም።

ሌላው ማስተካከያ ትኩረት ነው። በመስታወት ላይ የምናየው ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ይመስለናል፤ ለሌንሱ ግን እንደዚያ አይደለም። ከመስታወቱ 8 ሜትር ርቆ የቆመ ዛፍ ነጸብራቁ ከመስታወቱ በስተኋላ 8 ሜትር ላይ ያለ ያህል ነው። እኛ ከመስታወቱ 2 ሜትር ርቀን ከቆምን፣ ልብስ የለበሰችው አሻንጉሊት ከእኛ 2 ሜትር ተኩል ላይ ስትሆን ዛፉ 10 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍተን አሻንጉሊቷ ላይ ስናተኩር ዛፉ ይደበዝዛል፤ ወደ 8 ወይም 11 (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ጠበብ ስናደርገው ሁለቱም ይጠራሉ። በራስ ሰር የሚያተኩር ካሜራ በበኩሉ ከሁለቱም ይልቅ የመስታወቱን አቧራና የጣት አሻራ ሊመርጥ ይችላል፤ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጋር በምትኖር ከተማ ውስጥ ደግሞ አቧራ አይጠፋም። በእጅ ማተኮር ይሻላል። ባለሱቁ ፈቃደኛ ከሆነ መስታወቱን በጨርቅ መጥረግ ከማንኛውም የኮምፒውተር እርማት ይበልጣል፤ የተጠረገ መስታወት ለእሱም ገበያ ነው።

ስለ ፖላራይዘር ፊልተር ደጋግሜ እጠየቃለሁ፤ ባጭሩ ልመልስ። ይህ ፊልተር የመስታወት ነጸብራቅን በሚገባ የሚቀንሰው ከመስታወቱ ገጽ ወደ 34 ዲግሪ በሚጠጋ ዘንበል ያለ አቅጣጫ ስናይ ነው፤ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ምንም አያደርግለትም፤ ያም ሆኖ የሌንሱን ብርሃን ከአንድ እስከ ሁለት እርከን (አንድ እርከን ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው) ይወስዳል። ብርሃን ውድ በሆነበት ምሽት ይህ ከባድ ክፍያ ነው። የጎማ ኮፍያ ያለውን ሌንስ መስታወቱ ላይ ማስጠጋት ወይም አንድ ጓደኛ ጥቁር ነጠላ ዘርግቶ እንዲይዝ ማድረግ በነጻ የሚገኝ መፍትሔ ነው፤ ግን እንዲህ ሲደረግ ከተማው ሙሉ በሙሉ ከሥዕሉ ይወጣል፤ የሚቀረው ለሻጩ የሚጠቅም የዕቃ ፎቶ ነው።

ነጸብራቁን ላለመጥላት የተማርኩበት ሥራ የፈረንሳዊው የኧዤን አትዤ ሥራ ነው። ይህ ሰው 18 በ24 ሴንቲ ሜትር በሆኑ የመስታወት ፕሌቶች አሮጌዋን ፓሪስን ሲመዘግብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1927 የሞተ ሲሆን፣ ሥዕሎቹን ለሠዓሊዎችና ለተቋማት የሚሸጠው በሰነድነታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 በስትራስቡር ቡሌቫር ያነሣው የኮርሴት ሱቅ እጅግ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 በጎብለን ጎዳና ያነሣቸው የወንድ ልብስ ሱቆች ደግሞ ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባሉ፦ ሙሉ ልብስ የለበሱት አሻንጉሊቶች የዋጋ ወረቀት ተለጥፎባቸው ፈገግ እንዳሉ ቆመዋል፤ ከማዶ ያለው ሕንፃና ዛፍ ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ ገብቶ ከሱፋቸው ጋር ተቀላቅሏል። አትዤ የሠራው በቀን ብርሃን ነውና ነጸብራቁ በግድ የመጣበት ነው ሊባል ይችላል። እኛ በምሽት ስንሠራ ግን ነጸብራቁን የምናስገባው መርጠን ነው፤ ስለዚህም ኃላፊነቱ ከእሱ ይልቅ በእኛ ላይ ይከብዳል።

አሁን ወደ ራሳችን መንገዶች እንመለስ። ከዚራና መጋላ የተባሉት ሰፈሮቻችን በዚህ ረገድ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ከዚራ የባቡሩ ልጅ ነው፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) እዚህ ከደረሰ በኋላ በዕቅድ የተዘረጋ፣ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ የተተከለበት ሰፈር ስለሆነ ሱቁን ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ ከነአካባቢው፣ ተዝናንቶ ማንሣት ይቻላል። ደቻቱን ተሻግረን መጋላ ስንገባ ግን መስታወቱ ራሱ ይጠፋል። ዕቃው ከሱቁ ወጥቶ በበሩ ላይ ተሰቅሏል፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ ተደርድሯል፣ ከጣራው ተንጠልጥሏል፤ ሽርጥ፣ ሽቲ፣ ሻሽ፣ ሳንዳል፣ ፕላስቲክ ባልዲ፣ በየመካከሉም አንድ እርቃኑን የተንጠለጠለ አምፖል። ማሳያው ሱቁ ሁሉ ነው። እዚህ ላይ የነጸብራቅ ጣጣ የለም፤ በምትኩ የአምፖሉ ጣጣ አለ።

የአምፖሉን ነገር በጥቂቱ ላብራራ። ብርሃን ከምንጩ በራቅን ቁጥር በርቀቱ ካሬ መጠን ይቀንሳል። አምፖሉ ከሳንዳሉ ግማሽ ሜትር፣ ከኋላው ከተደረደረው ጨርቅ 2 ሜትር የሚርቅ ከሆነ ርቀቱ በአራት እጥፍ ቢጨምርም ብርሃኑ በ16 እጥፍ ያንሳል፤ ይህም በካሜራ ቋንቋ አራት እርከን ነው። ሳንዳሉን በትክክል ብናነሣ ጨርቁ ይጨልማል፤ ጨርቁን ብንከተል ሳንዳሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። አብዛኛው ሰው ብዙ ፎቶዎችን አንሥቶ በኮምፒውተር ያጋጥማል። እኔ ውጤቱን አልወደውም፤ ሁሉ ነገር እኩል የበራበት ሱቅ ምሽትነቱ ይጠፋል። ይልቁንስ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብሎ አምፖሉ ከተሰቀለ ሽቲ በስተጀርባ እንዲሸሸግ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ጨርቁ ራሱ የመብራት ልባስ ይሆናል፣ ስሱ ሽቲም ከኋላ ብርሃን ሲያገኝ ቀለሙና ሕትመቱ እንደሚገባው ይታያል። ሐልዋና ሙሸበክ የተባሉትን ጣፋጮች በሚሸጡት ቤቶች ደግሞ አምፖሉ ብዙውን ጊዜ ከመስታወቱ ሣጥን በላይ ስለሆነ የሙሸበኩ ስኳር ያብለጨልጫል፤ ዝቅ ብሎ ከሣጥኑ ከፍታ ማንሣት ይበቃል።

ለመነሻ ያህል አንድ ልክ ልስጥ። 500 ሉክስ ያህል ለበራ መስኮት አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ የሌንስ ቀዳዳ 4፣ ፍጥነት አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ተስማሚ ነው፤ ከዚያ ነጭ ልብስ ከበዛ አንድ እርከን ማጨለም፣ መብራቱ ደከም ካለ ማብራት ነው። አንድ ሃምሳኛን የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚመላለስ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደበዝዛሉ፣ ይደምቃሉ፤ ዓይናችን አያየውም፣ በፈጣን ሸተር የሚያነሣ ካሜራ ግን በሥዕሉ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች አድርጎ ያወጣዋል። አንድ ሃምሳኛ ሁለት ሙሉ ሞገዶችን፣ አንድ መቶኛ አንድ ሙሉ ሞገድ ስለሚይዙ መስመሩ ይጠፋል። በከተማችን «ታይዋን» በተባለው ገበያ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚሸጡ ሱቆችን ለሚያነሣ ሰው ይህ ምክር ጠቃሚ ነው፤ እዚያ ግን የስክሪኖቹ ብርሃን ከሁሉ ስለሚበልጥ ልኩን ከስክሪኑ መውሰድ ይገባል።

ቀለምን በተመለከተ በአንድ መንገድ ላይ ቢጫ አምፖል 2,700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ)፣ ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ 6,500 ኬልቪን ሆነው ጎን ለጎን ያበራሉ። ካሜራው ለአንዱ ሲያደላ ሌላው ወይ ብርቱካናማ ወይ ሰማያዊ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ይህን ማስተካከል አያስፈልግም፤ የሱቁን መብራት ተከትሎ ልብሱ እውነተኛ ቀለሙን እንዲይዝ ማድረግና መንገዱን እንደፈለገው መተው ተገቢ ነው። ለገዢ ቀለም ቁም ነገር ነው፤ ለአንባቢም እንዲሁ።

ስለ ፈቃድ ጥቂት ልበል። ሕጉን ሳይሆን ልማዱን ነው የማወራው። በደጃፉ ቆሞ ካሜራ የደቀነ ሰው በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «አቦ፣ ከግብር ነው እንዴ የመጣኸው?» የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ ቀልድ ቢመስልም ግማሹ ስጋት ነው። ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ መነሣቱ ብዙ ባለሱቆችን ያሳስባል። ስለዚህ ካሜራውን ከማውጣት በፊት ሰላምታ መስጠት፣ አዛውንት ከሆኑ «አባባ» ወይም «እማማ» ብሎ ቀረብ ማለት፣ ምን እንደምንሠራ መናገር፣ ያነሣነውንም እዚያው ማሳየት ያስፈልጋል። በወርቅ ቤቶች ፊት ያለ ባለቤቱ ቃል ፈጽሞ አላነሣም፤ ዘበኛውም ሥራውን እየሠራ ነው። በነጸብራቁ ውስጥ የሚገቡ መንገደኞችም ሰዎች ናቸው፤ ፊቷን የሸሸገችን ሴት በመስታወት ዞሮ ማንሣት ከፊት ለፊት ከማንሣት የተለየ አይደለም።

ሐረርን ሳልጠቅስ ባልፍ የሐረር ወዳጆቼ ይቀየሙኛል። በጀጎል ግንብ ውስጥ መስታወት ያለው ሱቅ ጥቂት ነው፤ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ላይ ግን ልብስ ሰፊዎቹ ራሳቸው ከነስፌት መኪናቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሚታዩ ናቸው፤ ማታ በርቶ የሚቀር ካለ በአንድ አምፖል ዙሪያ ሰው፣ መኪናና ጨርቅ አብረው ይገኛሉ። በዚያች ከተማ ነጋዴን ከነሥራው ፎቶ ማንሣት ዕድሜ ያለው ነገር ነው። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በሐረር በነጋዴ ቤት ተቀጥሮ ሳለ ከፈረንሳይ ካሜራ አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 ፎቶግራፎች አንሥቷል፤ ለቤተሰቦቹ በላከው ደብዳቤም ሥዕሎቹ የነጡት ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ሲል አመካኝቷል። ውሃው የራሱ ጥፋት ይኑረው አይኑረው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሥዕሎቹ ግን ከነንጣታቸው ዛሬም ይጠቀሳሉ፣ ምክንያቱም ቦታውና ጊዜው ተጽፎላቸዋል።

እንግዲህ ለእያንዳንዱ ፎቶ መግለጫ መጻፍ የሥራው አካል ነው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰፈሩን፣ ሱቁ ምን እንደሚሸጥ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ ደግሞ የሚታዩትን ዋጋዎች መመዝገብ ያስፈልጋል። ቀኑ በካሜራው ውስጥ በራሱ ይመዘገባል የሚል አለ፤ ስልኩ ወይም ካሜራው ሰዓቱ በትክክል ካልተሞላ ግን የተሳሳተውን ነው የሚመዘግበው፤ ፎቶው በማኅበራዊ ገጽ ከተላከ በኋላም ይህ መረጃ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል። ምስሉ ለባለሱቁ ታትሞ ቢሰጠው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ መስታወቱን ራሱ ይጠርግልናል።

በመጨረሻ ከተሰብሳቢዎች መካከል አንዲት እህት «ካሜራ የሌለን፣ ስልክ ብቻ ያለን ሰዎችስ?» ስትል ላቀረበችው ጥያቄ የሰጠሁትን መልስ እዚህ አክዬዋለሁ። የስልክ የምሽት ዘዴ ብዙ ፎቶዎችን በተከታታይ አንሥቶ ስለሚደራርብ ለቆመ ዕቃ በጣም ጥሩ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ባጃጅ ግን ተሰነጣጥቆ ይወጣል። ስለዚህ መስኮቱን ብቻ ለምንፈልግበት ጊዜ ዘዴውን ማብራት፣ መንገዱ በነጸብራቅ እንዲገባ ለምንፈልግበት ጊዜ ማጥፋት ነው። ፍላሹ በሁለቱም ጊዜ መጥፋት አለበት፤ መስታወቱ ላይ ነጭ ነጥብ ከመተው በቀር የሚያመጣው የለም። የበራውን ልብስ በጣት ተጭኖ ልኩን ካስቆለፉ በኋላ ብርሃኑን በጥቂቱ ወደ ታች መሳብም ይገባል፤ ስልክ ሁሉ ምሽትን ቀን ለማስመሰል ይቸኩላልና።